ከሰሌዳው የቀረው ክለብ

ቅዳሜና እሑድ በየዲኤስቲቪ ቤቱ፣ ማለትም የውጭ ጨዋታ በክፍያ በሚታይበት አዳራሽ፣ በር ላይ በሚቆመው ጥቁር ሰሌዳ የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ጨዋታ ሰዓት በጠመኔ ሲጻፍ፣ የየከተማው አነስተኛ ክለብ ስም ግን አይታይበትም። ለዚህ የሚወቀሰው ብዙውን ጊዜ ተመልካቹ ነው፤ ይሁን እንጂ ከፍሎ በተጣበበ አግዳሚ ላይ ዘጠና ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው ኳስ ጠልቷል ማለት አይቻልም፤ የጎደለው፣ የቅርቡ ክለብ ጨዋታ መቼ እንደሚጀመርና ማን እንደሚሰለፍ የሚነግረው ነው። በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በተመረጡ አስተናጋጅ ከተሞች ተሰብስበው የሚጫወቱበት አሠራር፣ ለቴሌቪዥን ሥርጭት ቢያመችም፣ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያሰናበተውን ወላይታ ድቻን እንኳ ከሶዶ ደጋፊው አርቆታል። ስለዚህ አነስተኛ ክለብ ውድ ተጫዋች ከማስፈረሙ በፊት (ደመወዝ በወቅቱ መክፈል ለሚያቅተው ይህ ቅንጦት ነው) በዚያ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ማስጨመር፣ የወዳጅነትና የወጣት ቡድኑን ጨዋታ ከእንግሊዝ ሊግ ጋር በማይጋጭ የቅዳሜ ረፋድ በከተማው ማካሄድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪዎችን በነጻ ማስገባት ይገባዋል፤ ልጅ ሜዳ ሲሄድ አባት ወይም ታላቅ ወንድም አብሮ መምጣቱ አይቀርምና።