መጀመሪያ ወፍጮ፣ ከዚያ አምፖል!

የማኅበረሰብ ኃይል ማመንጫ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ነገር ነው፦ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተርባይኑ ዝጎ ይቀራል። ከዚያ ፍርዱ ይሰማል፤ «ገበሬው መክፈል አይችልም።»

ሐሰት ነው! ገበሬው ዛሬም እየከፈለ ነው። ለባትሪ ድንጋይ ይከፍላል፣ ስልክ ቻርጅ ለማስደረግ ይከፍላል፣ ለናፍጣ ወፍጮ ይከፍላል።

ጋሞን እንመልከት። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ኩልፎና ሀሬ ከደጋው ወደ ሐይቆቹ የሚወርዱት በዚህ ቁልቁለት ነው። ባለሙያም አለ፤ አርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጠው ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ልምዱም ሩቅ አይደለም፤ በጎረቤት ሲዳማ ጎቤቾና ሀጋራ ሶዲቻ ላይ በጀርመን ድጋፍ የተሠሩ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ተላልፈዋል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ሂሳቡ ላይ። አብረን እናስላ።

30 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን ቀንና ሌሊት ቢሠራ በቀን 720 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። 300 ቤቶች እያንዳንዳቸው 50 ዋት ለ5 ሰዓት ቢያበሩ የሚጠቀሙት 75 ብቻ ነው። የቀረው በከንቱ ይፈሳል። ይህን 75 ኪሎዋት ሰዓት፣ እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በዋናው መስመር በነበረው ዝቅተኛ ታሪፍ፣ በ27 ሳንቲም ብንሸጠው የቀን ገቢው 20 ብር ገደማ ነው። በ20 ብር ጥበቃ አይቀጠርም፣ ኩሽኔታም አይገዛም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ።

1. ቀን የሚሠራ ደንበኛ ሳይገኝ ተርባይን አይተከል። ባለ 10 ኪሎዋት ሞተር አንድ ወፍጮ በቀን 6 ሰዓት ቢፈጭ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ የ300 ቤት መብራት ሊያህል ምንም አልቀረው። ብየዳና እንጨት ሥራ፣ ለጨንቻ አፕል ማቀዝቀዣ ሲጨመርማ ማኅበሩ በእግሩ ይቆማል።

2. ድጎማው እኩል ይሁን። ከተሜው በርካሽ የሚያበራው ግድቡና መስመሩ በአገር ገንዘብና ብድር ስለተሠራ ነው። ደጋ ላይ ያለው ገበሬስ የማን ልጅ ነው? የግንባታውን ወጪ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የገጠር ኤሌክትሪክ ፈንድ ይሸፍን፤ ማኅበሩ የኦፕሬተሩን ደመወዝና የመለዋወጫውን ቁጠባ ይሸከም። ታሪፉን ደግሞ አባላቱ በዱቡሻ ይምከሩበት። ትልልቅ ጉዳዩን በዱቡሻ ሲመክር የኖረ ሕዝብ የኪሎዋት ዋጋ አይከብደውም።

3. ዋናው መስመር ሲመጣ ማኅበሩ አይቀበር። ርካሹ መስመር በደረሰ ማግስት ደንበኛው ይሄዳል፣ ንብረቱም ብረታ ብረት ይሆናል። ወይ ኃይሉን ግዙ፣ ወይ ካሳ ክፈሉ፤ ይህም ገና ከመነሻው በውል ይጻፍ።

«መስመሩ ይመጣል፣ ምን አስቸኮላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ብሔራዊው ፕሮግራም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ቃል ገብቶ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ። ዓመቱ አለፈ፤ ሚሊዮኖች ዛሬም ጨለማ ውስጥ ናቸው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሃምሳውንም ለገበሬው ብቻ አሸክሞ፣ ሲወድቅ «ድሮም አይችልም» ማለት ይብቃ።