ወንዙም ይጹም

ተማሪዎች ሆይ! በነሐሴ ወር፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ቀትር ላይ፣ ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ገብታችኋል እንበል። ጊዜው ፍልሰታ ነውና በየገበታው የሚታየው የዓሣ ጥብስ፣ የዓሣ ጉላሽና የዓሣ ዱለት ነው። አስተናጋጁን «ዓሣው ከየት የመጣ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «የጣና ነው፤ ትኩስ ነው» ብሎ በኩራት ይመልስላችኋል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ያ ዓሣ በነሐሴ ወር መጠመድ ይገባው ነበርን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የጣናን ዓሦች ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጣና ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ የሚገኝ ሐይቅ በመሆኑ፣ በታችኛው ዓባይ የሚኖሩ ዓሦች ፏፏቴውን ወጥተው ሊገቡበት አይችሉም። ከዚህ የተነሣ በሐይቁ ውስጥ ተለይተው የቀሩት ላቤዮባርበስ የተባሉት ዓሦች በረጅም ዘመን ውስጥ በመልክም በአመጋገብም እየተለያዩ ከ15 በላይ ወደሚሆኑ ዝርያዎች ተከፍለዋል። አንዱ ትንንሽ ዓሦችን እያሳደደ ይበላል፤ ሌላው ከሐይቁ ወለል ትል ይለቅማል፤ ሌላውም ዕፀዋትን ይመገባል። አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም።

ከእነዚህ ዝርያዎች በርከት ያሉት የሚራቡት በክረምትና በመፀው መግቢያ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ያሉት ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ወንዙን ሽቅብ ተጉዘው ጠጠር ካለበት ጥርት ካለው ውሃ ሲደርሱ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በሌላው ወራት በሰፊው ሐይቅ ላይ ተበትኖ የሚኖረው ዓሣ በዚህ ጊዜ በአንዲት ጠባብ በር ተጨናንቆ ያልፋል ማለት ነው። በዚያች በር ላይ መረቡን የሚዘረጋ ሰው በጥቂት ድካም ብዙ ዓሣ ያገኛል። ነገር ግን የሚይዘው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ነው። ልትወልድ የተቃረበች ላሙን አርዶ የሚበላ ገበሬ ብታዩ ምን ትሉት ነበር?

የሚያስከትለው ጉዳት ግምት ብቻ አይደለም። ቀድሞ በጣና ላይ የሚያሰግሩት ሰዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዳር ብዙ ሳይርቁ የሚሠሩ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ወደ ሐይቁ ገቡ። ተመራማሪዎች የ1991ን እና የ2001ን ሁኔታ ሲያነጻጽሩ፣ በወንዝ የሚራቡት የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ክብደት በ10 ዓመት ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከልም ሁለቱ ሰው በገዛ እጁ የሚያደርጋቸው ናቸው፤ አንደኛው በመራቢያ ወራት በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ነው፤ ሁለተኛው በወንዙ ውስጥ የሚበተነው የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ነው። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው ሳይለይ ሁሉንም ያሰክራል፤ ይገድላልም።

ይህ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ወደ ሩቅ ምሥራቅ መመልከት ይበቃል። በፊሊፒንስ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እርሱም እንደ ጣና በሌላ ስፍራ የማይገኙ የራሱ ዓሦች ነበሩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባወጣው መግለጫ ከእነዚህ 17 ዝርያዎች 15ቱ ከምድር ገጽ መጥፋታቸው ታወቀ፤ የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ አልቀሩም ተብሎ ተሠግቷል። ለጥፋቱ ምክንያት የሆኑት ከውጭ ገብተው የአገሩን ዓሦች የሚበሉ ባዕድ ዓሦች ናቸው፤ ከመጠን ያለፈ ማስገርም ጉዳቱን አባብሶታል። የላናኦ ሰዎች ዛሬ ቢጸጸቱ የሄደውን አይመልሱትም። ጣና ግን ገና ጊዜ አለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሌሎች አገሮች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚሠሩበት መንገድ አለ። ሳልሞን የተባለው ዓሣ በባሕር ያድግና ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። በስኮትላንድ ሕግ መሠረት በየዓመቱ ቢያንስ ለ168 ተከታታይ ቀናት ሳልሞን በመረብ አይጠመድም፤ በእሑድ ቀንም እንዲሁ ክልክል ነው። በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ ብዙ ወንዞች ደግሞ ለመዝናናት መንጠቆ ይዞ የወጣ ሰው በቀን ስንት ዓሣ ወደ ቤቱ ሊወስድ እንደሚችል በቁጥር ተወስኖ ይነገረዋል። የወራቱ ገደብ እናቲቱ እንድታልፍ በር ይከፍትላታል፤ የቁጥሩ ገደብ ደግሞ የአንዱ ስስት የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ ያግዳል። የሳልሞን ዘመድ የሆነው ትራውት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ በወይብና በዳንካ ወንዞች ይኖራል። ዘንግና መንጠቆ ይዘው ከአዲስ አበባ ወደዚያም ሆነ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚጓዙ ሰዎች ይህን ሥርዓት ሊለምዱ ይገባል። ለእንጀራው ሳይሆን ለመዝናናት የሚያሰግር ሰው ገደብን ላለማክበር የሚያቀርበው ምክንያት ምንድን ነው?

አገራችንም ሕግ አልጎደላትም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከዓላማዎቹ አንዱ የዓሣ ዝርያዎችንና መኖሪያቸውን መጠበቅ፣ ከመጠን ያለፈ ማስገርንም መከላከል ነው። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ነገር ግን አዋጅ በወረቀት ላይ ሳለ ዓሣን አያድንም። የሚያድነው በሐምሌ ሌሊት በጉማራ አፍ ላይ መረብ ሳይዘረጋ ሲታደር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «አስጋሪው ልጆቹን የሚያሳድረው በዓሣ ነው፤ በክረምት ሥራህን አቁም ቢባል ማን ያበላዋል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም ወንዝ ይዘጋ ማለት ሐይቅ ይዘጋ ማለት አይደለም። ክልከላው በወንዞቹና በአፎቻቸው ላይ ቢወሰን፣ አስጋሪው በሰፊው ሐይቅ ላይ ዓይኑ ሰፊ በሆነ መረብ ቆሮሶና አምባዛ እያጠመደ ሊቆይ ይችላል። ገደቡም ሲወጣ አስጋሪዎቹ ራሳቸው በማኅበራቸው አማካይነት ሊመክሩበት ይገባል፤ ያልመከሩበትን ሕግ በሌሊት ማፍረስ ቀላል ነውና። ከሁሉም በላይ ግን ዓሣው ካለቀ ከማንም አስቀድሞ የሚራበው ያው አስጋሪ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የቦሌው ተመጋቢ ዓሣ ቢያጣ ሽሮ ያዝዛል፤ የጣናው አስጋሪ ምን ያዝዛል?

ስለዚህ የቦሌው ተመጋቢም ድርሻውን ይወጣ። መረቡን በወንዝ አፍ ላይ የሚያስዘረጋው የከተማው ገበያ ጭምር ነውና። ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ያለው ጊዜ ከነጳጉሜኗ 125 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 126 ቀን ነው፤ ስኮትላንዶች ከሚታገሡት ያነሰ ነው። በእነዚህ ቀናት ተመጋቢው «ይህ የምን ዓሣ ነው? ከወንዝ ነው ወይስ ከሐይቅ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አጥጋቢ መልስ ካላገኘም ሌላ ምግብ ይዘዝ። እኛ ጾምን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየሥርዓቱ ወራትና ቀናት ለይቶ ከሚወደው ነገር ይታቀባል፤ ከብዙ ጥጋብ ጥቂት መታገሥ እንደሚበልጥም ከልጅነቱ ይማራል። ለራሳችን የምናውቀውን ትዕግሥት ለወንዙ መንፈግ የለብንም። ወንዙም በዓመት አንድ ጊዜ ከመረብ ይጹም።

ተማሪዎች ሆይ! የጸሐፊው አስተያየት ይህ ነው። እናንተ ግን አንብባችሁ በመስማማት ብቻ አትለፉት። አስጋሪውን ወክሎ የቀረበው ተቃውሞ በቂ መልስ አግኝቷልን? አላገኘም የምትሉ፣ በአስጋሪው ቦታ ሆናችሁ ለዚህ ጽሑፍ ሦስት አንቀጽ ያለው መልስ ጻፉ። አግኝቷል የምትሉም በሰፈራችሁ ለሚገኝ የዓሣ ምግብ ቤት ባለቤት፣ በክረምት ምን ዓይነት ዓሣ ማቅረብ እንዳለበት የሚያስረዳ ደብዳቤ በአክብሮት ጻፉ።