«ሁለት ሽቦ ናት» እያልን እንዳንነድ!

ነገሩ የተጀመረው በክላክስ ነው። ዕለቱ እሁድ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ሰው ሁሉ በየግቢው ፀሐይ በሚሞቅበት ሰዓት እኔ የቮልሴን ክላክስ ልሠራ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ወጣሁ። ጋራዥ ልወስዳት አስቤ ነበር። ግን ባለፈው ጊዜ ለካርቡራቶር ጽዳት ብቻ የከፈልኩት ትዝ ሲለኝ «ክላክስ ደግሞ ምን አላት? ሁለት ሽቦ ናት!» አልኩ። ውድ አንባብያን፣ ይህችን «ሁለት ሽቦ ናት» የምትል አባባል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ሊያግዘኝ መጣ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ባትሪውን አንፍታው?» አለኝ። «ኧረ ተወው! ባትሪው ከተፈታ ክላክሱ መሥራቱን በምን እናውቃለን?» አልኩት፤ በራሴ ብልጠት እየተደሰትኩ። የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅና አንድ ጓደኛው እንደ ልማዳቸው ኋላ ወንበር ላይ ወጥተው ይፈነጥዛሉ። ክላክሱ አልጮኸም። በምትኩ የተቃጠለ ጠጉር የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ቀና ስል ከልጆቹ ሥር ጢስ ይትጎለጎላል!

ቮልስ የነዳ ሰው ቀሪውን ሳልነግረው ያውቀዋል። ለማያውቅ ላስረዳ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እንደ ሌላው መኪና ከሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የድሮው ወንበር ደግሞ ውስጡ የብረት ሞላ ነው፤ የተሞላውም በጠጉርና በቃጫ ነው። ፋብሪካው የነገሩን አደገኛነት ስላወቀ ለባትሪው ክዳን ሠርቶለት ነበር። የኔዋ ክዳን የት እንደገባ እግዜር ይወቀው፤ የጣሏት ከኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ናቸው ብዬ እጽናናለሁ። በዚያ ላይ ልኩን ባትሪ ስላጣሁ ቁመቱ ረዘም ያለ ገዝቼ ገጥሜያለሁ። ልጆቹ ሲዘሉ ሞላው ወረደና የባትሪውን ፖዘቲቭ ከመኪናዋ አካል ጋር አገናኘው። ሞላው እንደ ምድጃ ሽቦ ቀላ፤ ቃጫው ተያያዘ።

ቮልስ ሁለት በር ብቻ እንዳላት ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚወጣው የፊቱ ወንበር ሲታጠፍለት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በጢስ መሐል ወንበር ማጠፍ አይችልም። እየጎተትን አወጣናቸው። ተማሪው ልጅ የኋላውን ወንበር መንጭቆ ወደ ውጭ ወረወረው። እኔ ማሳውን ልፈታ ስል እጄ ተጠበሰ። ጎረቤታችን እማማ ከአትክልታቸው አፈር በአካፋ እየዛቁ የሚነደውን ወንበር አለበሱት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት ደቂቃም አልሞላ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። የቤንዚኑ ቱቦ ግን እዚያው ኋላ ሞተሩ ዘንድ ነበር። እሳቱ አንድ እርምጃ ቢቀድመን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ይህን አልነበረም።

«ይሄ የፖለቲካ ገጽ ነው እኮ፤ የክላክስ ወሬ ምን ሊሠራ ገባ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይታገሱኝ፤ እደርስበታለሁ።

ከዚያ እሁድ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆንኩና የጎረቤቱንም፣ የዘመዱንም፣ የባልደረባውንም ኮፈን እየከፈትኩ ማየት ጀመርኩ። ያየሁት ጉድ ነው! አንዱ ዲኤክስ ኮሮላ ውስጥ የፊውዝ ቦታ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ገብቷል። ሌላው ዘንድ ከመብራት ገመድ የተመዘዘ የመዳብ ክር ታስሯል። አንዱ ደግሞ ባለ15 ፊውዝ እየተቃጠለ ቢያስቸግረው ባለ30 ገጥሞ «ከዚያ ወዲህ ተቃጥሎ አያውቅም!» ብሎ በኩራት አሳየኝ። ወንድሜ፣ ፊውዙ አይቃጠልም፤ የምትቃጠለው አንተ ነህ!

ፊውዝ ምን እንደሆነ የገባን አልመሰለኝም። ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ሽቦ ነው። ሥራው ቀድሞ መሞት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ55 ዋት የፊት መብራት አምፖል በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሁለቱ ሲበሩ 9 አምፔር ገደማ ይሆናል። ለእነሱ የተዘረጋው ሽቦም ይህንኑ በሚችል ውፍረት የተሠራ ነው። ሽቦው ተልጦ አካሉን ከነካ ግን ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ደካማው ክር ቀድሞ መበጠስ አለበት። ትክክለኛው ፊውዝ ካለ በቅጽበት ይበጠሳል፤ መብራት ይጠፋል፣ እንሳደባለን፣ ወደ ቤታችን እንገባለን። የሲጋራ ወረቀትና የመዳብ ክር ካለ ግን ፊውዝ የሚሆነው ሽቦው ራሱ ነው። እሱ ደግሞ ያለው ከምንጣፉ ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከቤንዚኑ ቱቦ ጎን ነው።

12 ቮልት ሰው ስለማይዝ ንቀነዋል። የቤት መብራት ስንነካ ጫማ እናደርጋለን፤ የመኪናውን ግን በምላሳችን ጭምር ልንሞክረው ይቃጣናል። እሳት ግን ቮልት አይቆጥርም። አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረ ሽቦ ልባሱ ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። በላዩ ላይ በየጊዜው የገዛው ሰው ሁሉ የራሱን ቀጥሎበታል፤ አንዱ ቴፕ፣ ሌላው አላርም፣ ሌላው የጉም መብራት። ሁሉም ያለ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ! መጋጠሚያውም በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ናስትሮው በሙቀት ለቆ ይንጠለጠላል።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል? ደንቆሮ ስለሆነ ነው? አይደለም። የሚያደርገው አማራጭ ስላጣ ነው።

የካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ሰባት ዓመት ያለፈው መኪና ከውጭ ሲገባ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ እንዲከፈልበት ደነገገ። ምክንያቱ ጥሩ ነበር፤ አሮጌ መኪና ያጨሳል፣ አደጋ ያደርሳል ተባለ። እውነት ነው። ግን እዚሁ ያለው አሮጌ መኪና ምን ሆነ? ተወገደ? የለም፣ ወርቅ ሆነ! ትናንት ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥ የነበረው ዛሬ እንደ ቅርስ ይጠበቃል። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ተባለ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ነዳጅ የምንገዛበት ዶላር የለንም። ነገር ግን ደመወዝተኛው አስተማሪ፣ ነርስ፣ ጡረተኛ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው በየትኛው ገንዘቡ ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መለዋወጫ ሁሉ በዶላር ነው የሚገባው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዋጋ የጠየቀ ሰው ለምን ሽቦ በሽቦ እንደሚቀጥል ይገባዋል።

እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። አዲስ መኪና ከአቅማችን በላይ ነው፤ አሮጌም ከውጭ አይገባም። ይህ ማለት ዛሬ በየመንገዱ የሚሄደው ቮልስ፣ ላዳ፣ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ከኛ ጋር ይኖራል ማለት ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታ ነገሩ በዓለም ተዘግቷል፤ እኛ ዘንድ ግን ቤተሰብ ይጓዝባታል። መኪናዎቻችን አብረውን እንዲያረጁ የወሰነው መንግሥት ነው። ከወሰነ ዘንድ ያረጁት እንዳይነዱ ማድረግስ የማን ሥራ ነው?

«ዓመታዊ ምርመራ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። እኔም ቮልሴን ለቦሎ ወስጃታለሁ። ተቋሙን አልጠራውም፤ አንዱ ከሌላው እምብዛም አይለይም። ፍሬን ሞከሩ፣ መብራትና ፍሬቻ አበሩ፣ «እሳት ማጥፊያ አለ?» አሉኝ። «አለ» ብዬ አሳየሁ። ማጥፊያው የወንድሜ ነበር፤ ማታውኑ መለስኩለት! የኋላ ወንበሩን አንስቶ ባትሪውን ያየ የለም። የፊውዝ ሳጥኑን የከፈተ የለም። ክፍያው ተቆጠረ፣ ወረቀቱ ተመታ፣ መኪናዋ «ብቁ» ተባለች። ከዚያች «ብቁ» መኪና ውስጥ ነው ሁለት ልጆች በጢስ መሐል የተጎተቱት። እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ ማጥፊያ ተውሼ አታልያለሁ፤ አልክድም። ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለል ምርመራ ገንዘብ የሚሰበስበው ስለ ምንድነው?

ከመንግሥት የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በምርመራው የፊውዝ ሳጥንና የባትሪ ማሰሪያ ይታይ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ካቻቢቴ እንጂ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ የደህንነት ዕቃ፣ ፊውዝ፣ ልኩን የያዘ ሽቦ፣ የቤንዚን ቱቦ፣ እሳት ማጥፊያ፣ ከቀረጥና ከታክስ ይቃለልለት። ሦስተኛ፣ የቴክኒክ ተማሪዎቻችን በየቀበሌው ቅዳሜ ቅዳሜ የሽቦ ምርመራ ቢያደርጉ እነሱ ልምድ ያገኛሉ፣ እኛም እንተርፋለን። ያ የጎረቤቴ ልጅ ከኔ ይሻል ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ግቢው ውስጥ መኪናውን ለሚፈታታ ሁሉ በተጠበሰ እጄ የምጽፈው ምክር ይኸው። ሥራ ከመጀመር በፊት ማሳውን፣ ማለትም ኔጋቲቩን፣ ቀድማችሁ ፍቱ። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው አካሉን ከነካ እዚያው ብልጭ ይላል፤ ማሳው ከተፈታ ግን ቢነካም ምንም የለም። ስትመልሱ ማሳው መጨረሻ ይሁን። ከቤንዚን ጋር የተያያዘ ሥራና የኤሌክትሪክ ሥራ በአንድ ቀን አታድርጉ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሄደ ብልጭታ ይፈልጋል። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ ሲጋራ ይዛችሁ አትጎንበሱበት። ፊውዝ ሲቃጠል በልኩ ቀይሩ፤ ደግሞ ከተቃጠለ የተነካካውን ሽቦ ፈልጉ። ቮልስ ያላችሁ ባትሪውን ዛሬውኑ ክዳን አልብሱት፤ ክዳን ካጣችሁ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት። ልጆችን ከመኪናው አርቁ። ኮፈኑ ሥር እሳት ከተነሳ ቦግ አድርጋችሁ አትክፈቱት፣ አየር ይጠግባል፤ ገርበብ አድርጋችሁ በክፍተቱ ማጥፊያውን ንፉበት። ካልቻላችሁ መኪናውን ትታችሁ ራቁ። አዲስ አበባ ላላችሁ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

አሁን የፖለቲካውን ነገር የጠየቀኝን አንባቢ ልመልስለት። አገርም ፊውዝ አለው። «ይህ ነገር ሞቋል፣ ሊነድ ነው» ብሎ ቀድሞ የሚጮህ ጋዜጠኛ ፊውዝ ነው። ሒሳቡ ጎደለ የሚል ኦዲተር ፊውዝ ነው። ይህ አያዋጣም የሚል ተቃዋሚ ፊውዝ ነው። ፊውዝ ሲበጠስ መብራት ይጠፋል፣ ያናድዳል። ባለሥልጣኖቻችን ያን ጊዜ የሚያደርጉት እኛ በመኪናችን የምናደርገውን ነው፤ የሚጮኸውን አንስተው በቦታው የማይበጠስ፣ የማይናገር ወፍራም ሽቦ ይገጥማሉ። ከዚያም «ይኸው፣ ከዚያ ወዲህ ተቃጥሎ አያውቅም» ይሉናል።

እኔም «ሁለት ሽቦ ናት» ብዬ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን ልጆች ነበሩ። የአገሩም ኋላ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ናቸው፤ በሩም ሁለት ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!

ቸር ይግጠመን።