መስመሩን ዘጉት፤ ኪሳችንን ግን ከፈቱት!

መቼም በዚህች አገር የማይሰማ ነገር የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ላይ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም፤ ለሕይወትና ለንብረት ሲባል ለሳምንት ቀርቶ ለዘለዓለምም ሊዘጋ ይችላል ሲሉን ሰምተን ዝም ብለናል። ዝም ማለት ለምዶብናል! እኔ ግን ዛሬ ዝም የማልልበት ምክንያት አለኝ። ነገሩን ከቡሬ ገበያ ልጀምረው።

ቡሬ ማለት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር፣ ዓባይን ተሻግሮም ወደ ነቀምቴ የሚኬድባት የመንገድ እምብርት ናት። በርበሬዋንና በቆሎዋን የማያውቅ የለም። በ2016 ዓ.ም. መንገድ በተከፈተ ሰሞን ከፍኖተ ሰላም ወደዚያው ብቅ ብዬ አንዲት ሞባይል ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። በሯ ላይ «ሞባይል እንጠግናለን፣ ዘፈን እንጭናለን፣ ፎቶ እናወጣለን» ተብሎ ተጽፏል። የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ተዘግቶ ስለነበር ዘፈኑም፣ ስብከቱም፣ አፑም የሚገኘው ከዚያች ቤት ኮምፒዩተር ብቻ ነው። በርበሬያቸውን ሸጠው የመጡ አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አቀበሉት።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ ነገር ዘፈን እምቢ አለችኝ። እስቲ እያት።»

«እሺ አባባ። የሚስጥር ቁጥሯስ?»

«ከጀርባዋ ተለጥፏል።»

እውነትም ተለጥፏል! በወረቀት ተጽፎ፣ በፕላስተር ተጣብቆ። ያ ቁጥር የስልኩ መክፈቻ ብቻ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም። ሽማግሌው *127# ብለው የበርበሬያቸውን ገንዘብ የሚያዩበት የቴሌብር ቁጥርም እሱው ነው። ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረም። ስልኩን ከፈተ፣ በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘው፣ ፎቶውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። ወረፋ የያዝነው ሰዎችም በትከሻው ላይ አንገታችንን አስግገን አየን። የልጃቸውን ሠርግ አየን፤ የይዞታ ደብተራቸውን ፎቶ አየን፤ ማየት የማይገባንንም አየን። እኔም አይቻለሁ፤ አልዋሽም።

ይህን ታሪክ ኮምፒዩተር ሳይንስ ለተመረቀ አንድ ወዳጄ ፍኖተ ሰላም ላይ ሻይ እየጠጣን ባጫውተው ሳቀብኝ። ገበሬ ደግሞ ምን የሚደብቀው ሚስጥር አለው አለኝ። እኔ ምንም የምደብቀው የለኝም፣ ያሻቸው ያዳምጡኝ ሲልም ጨመረበት። ጉድ በል ጎጃም! ይህ ሰው የገበሬ ልጅ ነው። አባቱን ከብትዎ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ጎረቤት ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጠው ይጠፋዋል? የጎጃም ገበሬ የከብቱን ቁጥር ለሰው አይናገርም። ጎተራው ምን ያህል እንደያዘ አይናገርም። ልጁን ለማን ሊድር እንዳሰበ ሽማግሌ ሳይላክ ትንፍሽ አይልም። ይህን የሚያደርገው ሌባ ስለሆነ ነው? የግል ኑሮ ምስጢር ማለት ምን እንደሆነ ለማስተማር ከፈረንጅ አገር ባለሙያ ማምጣት አያስፈልግም፤ እኛው የኖርንበት ነው። ስልክ ኪሳችን ሲገባ ግን ያንን ሁሉ ጥንቃቄ ከጀርባው በፕላስተር ለጠፍነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ኢንተርኔት መዝጋት ለደኅንነት ነው የሚሉን ሰዎች ስለ ኮምፒዩተር ቅንጣት ታህል ያውቃሉ? ካወቁስ ለምን አይነግሩንም? ስልክም ኮምፒዩተርም እንደ ማረሻ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ ዕቃ አይደለም። በውስጡ ያለው ሶፍትዌር በየጊዜው ቀዳዳ ይገኝበታል፤ ሠሪው መድፈኛውን በኢንተርኔት ይልካል። መስመር ሲዘጋ መድፈኛው አይደርስም። ቀዳዳው ግን ያውቁበት ዘንድ ክፍት ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን ሲያተራምስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ሥራ ሲያስፈታ፣ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጎዳው ያልደፈነው ነው። ሁለት ወር የዘገየ እንዲያ ከሆነ፣ መስመር ተቆርጦበት ለብዙ ወራት የተቀመጠ የምዕራብ ጎጃም ስልክ ምን ይባላል?

ሰው ደግሞ ኢንተርኔት ተዘጋ ብሎ መኖር አይተውም። አፑን ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደርና በሼርኢት ይቀባበላል፣ ፋይሉን በፍላሽ ያዞራል። ስልኩ ይህ ፋይል ከየት እንደመጣ አላውቅም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እኛ «እሺ» የሚለውን ተጭነን እናልፋለን። ፋይሉን መንገድ ላይ ማን ነካካው? ማን ምን ጨመረበት? አይታወቅም። ፎልደሩን ሁሉ ወደ «ሾርትከት» የሚለውጠውን የፍላሽ ቫይረስ ያላየ ጸሐፊ፣ ያላለቀሰ ተመራቂ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ! በየከተማው ያለው የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ዛሬም ያለ ፈቃድ በተገለበጠ ዊንዶውስ 7 የሚሠራ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 መድፈኛ መላክ ያቆመው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው፤ ለዊንዶውስ 10ም በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የፍርድ ቤት ክስ፣ የውርስ ማመልከቻ፣ የሕክምና ማስረጃ የሚጻፈው በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ተጽፎም አይጠፋም፤ እዚያው «ዴስክቶፕ» ላይ ተሰጥቶ ይውላል። ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሥርዓት አለ፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ይህን ስል «ደግሞ ጀመረው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ይበሉኝ።

ዕቃውስ ራሱ? ነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለ የስልክ ደኅንነት ድርጅት ያወጣውን ላስታውሳችሁ። ቴክኖ ደብሊው 2 በተባሉ 53,000 ስልኮች ላይ «ትሪያዳ» እና «ኤክስሄልፐር» የተባሉ ተንኮለኛ ሶፍትዌሮች ተገኙ። ባለቤቱ ሳያውቅ አገልግሎት እየገዙ ካርዱን ይበሉበታል። ከተጎዱት አገሮች መካከል የእኛዋ ኢትዮጵያ አለችበት። ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ተጭኖበት ነበር። አምራቹ ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ የሌላ አቅራቢ ነው አለ። አብዬን ወደ እምዬ ልክክ! ካርዱ እንዲያው በነነ እያለ ቴሌን ሲራገም የኖረው ገበሬ ይህን ማን ነገረው? አስመጪ የሚፈተሽባት፣ ሻጭ የሚጠየቅባት አገር ብትሆን ኖሮ ገበሬው ከማንም በፊት በሰማ ነበር።

ደኅንነት ደኅንነት የሚለን መንግሥት ገንዘቡን የት ሲያውል እንደኖረ ደግሞ መዝገብ አለ። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. የካናዳው ሲትዝን ላብ «ፊንስፓይ» የተባለው መሰለያ ኢትዮጵያ ውስጥ እየሠራ መሆኑን ገለጠ፤ ማጥመጃው የግንቦት 7 አመራሮች ፎቶ ነበር። በየካቲት 2006 ዓ.ም. የኢሳት ጋዜጠኞች ጣሊያናዊው «ሃኪንግ ቲም» በሠራው መሰለያ መነጣጠራቸው ታወቀ። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ማብቂያ የሃኪንግ ቲም የራሱ ጓዳ ተዘርፎ አደባባይ ሲወጣ፣ ኢንሳ 1 ሚሊዮን ዶላር የከፈለበት ደረሰኝ አብሮ ወጣ። ሰላዩም ራሱ ጓዳውን መጠበቅ አልቻለም! በኅዳር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የእስራኤሉ «ሳይበርቢት» መሣሪያ ተራ በተራ ተገለጠ። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ በክሱ ላይ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የተጠራው፣ ኮምፒዩተሬ ተሰልሏል ብሎ አሜሪካ ውስጥ ቢከስ የውጭ መንግሥት አይከሰስም ተብሎ በ2009 ዓ.ም. መዝገቡ ተዘጋ። እዚህ አገር ውስጥ ደግሞ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን፣ ኮምፒዩተራቸውን ከሰላይ የሚጠብቁበትን ሥልጠና መውሰዳቸው በክሱ ላይ እንደ ጥፋት ተጠቅሶባቸዋል። በራችሁን መቆለፍ ስለተማራችሁ ሌቦች ናችሁ እንደማለት ነው።

ያ የድሮው ሥርዓት ነው የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የኢሕአዴግ ዘመን ነው። ታዲያ የተገዛው ዕቃ የት ገባ? ተሸጠ? ተቃጠለ? ሪፖርት ቀርቦ የሰማ አለ?

ሕጉማ ሞልቶናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በፖስታም፣ በስልክም፣ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል፤ ያኔ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ኮምፒዩተር ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ራሴ ኮምፒዩተር ከመንካቴ በፊት ያየሁት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችንን ፕላዝማ ነው፤ መብራት ሲጠፋ መምህሩም ትምህርቱም አብረው የሚጠፉበት። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጣ፤ አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል ስጡ ተባልን። የግል መረጃችንን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321 የጸደቀው ግን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። ከቤቱ በፊት ዕቃው ገባ፤ በሩ በኋላ ተገጠመ። አዋጁ በጸደቀበት ወር የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ዝግ፣ ክልሉም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለ ዘመድ ማን ሞተ ማን ተረፈ የሚለውን የሚጠይቅበት ኢንተርኔት አልነበረም። ይህ ነው ለሕይወት ሲባል የተዘጋው!

እኔስ? እስካሁን ሌላውን ስወቅስ የራሴን ጉድ ደብቄያለሁ። በ2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን ባሕር ዳር ድረስ ለአቤቱታ ባሰለፈው ሰሞን፣ ከቡሬ ወዲህ ማዶ ያሉ አንድ ገበሬ አነጋግሬ ነበር። «ስሜ እንዳይወጣ፣ አደራ ልጄ፣ ልጆች አሉኝ» ብለውኛል። በአደራ ድምፃቸውን ስልኬ ላይ ቀዳሁ። ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ወድቆ መስተዋቱ ተሰነጠቀ። ስሟን የማልጠራት አንዲት ጥገና ቤት አስገባሁት፤ ቁጥሩን ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። ድምፁን አላወጣሁም፣ አላጠፋሁም፣ ሌላ ቁልፍ አላደረግሁበትም። ዲፕሎማ አለኝ! ስለ ኮምፒዩተር ለሰው አስተምራለሁ!

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ የማውቀው ሰው ሻይ ቤት ውስጥ «ይህን ስማ» ብሎ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋው። ያው ድምፅ ነው። ማዳበሪያው ከመጋዘን በሌሊት እንደሚወጣ፣ የሚያስወጣው ማን እንደሆነ ከነስሙ ሲናገሩ ይሰማል። በብሉቱዝ ሲዞር ሲዞር እርሱ ዘንድ ደርሷል። ሰላይ አልሰለለኝም፤ ሚሊዮን ዶላር አላስፈለገም። ከጀርባው ቁጥር ከለጠፉት ሽማግሌ በምን እሻላለሁ?

ከዚያ ወዲህ የስልኬ መክፈቻና የቴሌብር ቁጥሬ ለየብቻ ናቸው። ስልክ ለጥገና ከማስገባቴ በፊት ፋይሉን አውጥቼ እደልዛለሁ። ቴሌግራምን ሚስጥራዊ ነው ብላችሁ የምታምኑ ደግሞ እወቁት፤ «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚለውን ካልመረጣችሁ በቀር መልእክታችሁ በድርጅቱ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ የቡድን ወሬማ ጭራሽ ያ አማራጭ የለውም። ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አድርጉበት፤ በመልእክት የሚመጣውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ የሲም ካርዱ መስመር በማን እጅ እንዳለ ታውቃላችሁና።

አዋጅ 1321 የመረጃ ጥበቃውን እንዲቆጣጠር ሥልጣን የሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እንግዲህ ባለሥልጣኑን እጠይቃለሁ፦ የቡሬ ገበሬ ድምፁ ያለ ፈቃዱ ሲዞር አቤቱታውን የት ነው የሚያስገባው? የጥገና ቤቱ ልጅ የሰው ስልክ ሲከፍት ምን ማድረግ እንደሚከለከል የነገረው ማን ነው? መስመር በተዘጋባቸው ወራት መድፈኛ ላልደረሰው ስልክ ሁሉ ተጠያቂው ማን ነው?

የእኔን አቤቱታ ማንም እንዲሰማው አልጠይቅም፤ ጥፋቱ የእኔም ነውና። እኒያ ገበሬ ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ ስልኬን አያነሱም።