ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ቆዳው ግን ያሳክካል

በየላቦራቶሪው በር ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል አንድ ዓይነት ታካሚ አይጠፋም። ቀን ደህና ይውላል። ማታ ጀርባውና ጭኑ ላይ ትኋን የፈጀው ይመስል ቀይ እባጭ ይወጣበታል፣ ሲያክክ ያድራል፣ ሲነጋ ምልክቱ ጠፍቶ ይነሳል። ሐኪም ፊት ሲቀመጥ የሚያሳየው ነገር ስለሌለው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። (ብልህነት ነው። ፎቶው ከብዙ የላቦራቶሪ ወረቀት የተሻለ ማስረጃ ነው።)

ይህ ነገር 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ኡርቲካሪያ ይባላል። ሕዝቡ «አለርጂ» ይለዋል፤ ጣጣው የሚጀምረውም ከስሙ ነው። አለርጂ ከተባለ የማይስማማ ምግብ መኖር አለበት ይባልና እንቁላል ይቀራል፣ ወተት ይቀራል፣ ሽሮ ሳይቀር ይጠረጠራል። ቀጥሎ በውድ ዋጋ ረጅም የምግብ አለርጂ ምርመራ ይታዘዛል። እውነታው ግን ሥር የሰደደው ሽፍታ በአብዛኛው ከምግብ አለርጂ ጋር አይገናኝም። ቆዳ ውስጥ ያሉት ማስት ሴሎች ሂስታሚን ይለቃሉ፤ በብዙዎች ላይ እነሱን የሚቀሰቅሰው የገዛ ሰውነታቸው የመከላከያ ሥርዓት ነው።

ታዲያ የደም ምርመራ ምን ይሠራል? በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ መነሻ ላይ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ የደም ሴሎች ቆጠራ፣ እንዲሁም ሲአርፒ ወይም ኢኤስአር። ስፔሻሊስት ጋ ሲደረስ ጠቅላላ አይጂኢና የታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራሉ። ሌላው ሁሉ የታካሚው ታሪክ ሲያመለክት ብቻ የሚታዘዝ ነው።

ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ኢንስቲትዩት ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሳንባ ምች ታማሚዎች ደም ውስጥ አገኙት። ኢኤስአር ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነው፤ ደም በቀጭን ቱቦ ይቆምና ቀይ ሴሎቹ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደወረዱ ይለካል። ሁለቱም ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን ይጠቁማሉ እንጂ የት እንዳለና ከምን እንደመጣ አይናገሩም። ኢኤስአር በደም ማነስ፣ በእርግዝናና በዕድሜም ከፍ ይላል። የ50 ዓመት ሴት 30 ድረስ ቢኖራት ብዙም አያስደነግጥም።

ስህተቱ በሁለት በኩል ይመጣል። የመጀመሪያው ውጤቱ ንጹሕ ሲሆን ነው። «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው» ተብሎ ይሸኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመና ከ1,200 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ግን ሲአርፒ ከፍ ብሎ የተገኘው በአንድ ሦስተኛ ያህሉ ላይ ብቻ ነው ይላል። የብዙኃኑ ታካሚ ወረቀት ንጹሕ ነው ማለት ነው። ሌሊቱን ሲያክክ ያደረን ሰው በዚህ ወረቀት ውሸታም ማድረግ ሕክምና አይደለም።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሲል «ኢንፌክሽን አለ» ይባላል። ዊዳል ይጨመራል፣ ታይፎይድ ይወጣል፣ አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ታይፎይድ በተለመደበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል አስተማማኝ እንዳልሆነ ሐኪሞች ራሳቸው ያውቃሉ። ሽፍታው ደግሞ አንቲባዮቲኩ ካለቀ በኋላም እዚያው ነው።

መርፌውም አለ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ቆዳው ይጠራል። ሲአርፒውም ሊወርድ ይችላል፤ ነጭ የደም ሴሉ ግን ከመድኃኒቱ የተነሳ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ የተሠራ የደም ምርመራ የሚናገረው ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ መርፌው ነው። መድኃኒቱ ሲያቆም ሽፍታው ይመለሳል፣ ሰውየውም ለመርፌው ይመለሳል። መመሪያው ሲብስ ለአጭር ጊዜ፣ ቢበዛ እስከ 10 ቀን፣ ይፈቅዳል፤ ለረጅም ጊዜ ግን አይመክርም። ስኳር፣ ደም ግፊትና የአጥንት መሳሳት ይከተላሉ። በዚያ ላይ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል ያለበት ሰው ስቴሮይድ ሲወስድ ትሉ መላ ሰውነቱን ሊወርና ሊገድለው ይችላል። ትል ብርቅ ባልሆነበት አገር ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ምርመራው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ሲአርፒ ወይም ኢኤስአር በጣም ከፍ ብሎ፣ ትኩሳትና የአጥንት ሕመም ካለ፣ እባጩ ከ24 ሰዓት በላይ አንድ ቦታ ከቆየ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካቃጠለ ወይም ሲጠፋ እንደ ምት የጠቆረ ምልክት ከተወ፣ ነገሩ ሌላ ነው። የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ከቆዳው ቆርጦ መመርመር ያስፈልጋል። ሽኒትዝለር ሲንድረም የሚባለው ብርቅ በሽታም ሽፍታ መስሎ ይመጣል፤ የማሳከክ መድኃኒት አይነካውም። በተራው ኡርቲካሪያም ሲአርፒ ከፍ ያለባቸው ሰዎች ሕመሙ ይበረታባቸዋል፣ መድኃኒትም ይዳከምባቸዋል። አይጂኢ ዝቅ ያለበት ደግሞ ኦማሊዙማብ ለተባለው ውድ መርፌ በደንብ ላይመልስ ይችላል። ያን ያህል ገንዘብ ሊያፈስ ለተዘጋጀ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ሐኪሞችም የሚሉት አላቸው። ምንም ሳያዝ የላከ ሐኪም «አላየኝም» ተብሎ ይታማል፤ ታካሚው ራሱ «ሙሉ ምርመራ» ይጠይቃል፣ ውጪ ወረፋው ረጅም ነው። እውነት ነው። «ይህን ያዘዝኩት ሌላ በሽታ እንዳይኖር ነው፣ ንጹሕ ከሆነ ሽፍታው የለም ማለት አይደለም» ማለት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያ ደቂቃ ስለጎደለ ነው ሰው ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞረ አንዱን ምርመራ አራት ጊዜ የሚከፍለው።

ሕክምናው የሚጀምረው እንደ ሴቲሪዚንና ሎራታዲን ባሉ እንቅልፍ በማያበዙ መድኃኒቶች ነው። የሚወሰዱት ሲያሳክክ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ነው፤ ካልበቃም ሐኪሙ እስከ አራት እጥፍ ሊያሳድጋቸው ይችላል። መሻሻሉ የሚለካውም በደም አይደለም። ታካሚው ለ7 ቀን በየዕለቱ እባጩን ከ0 እስከ 3፣ ማሳከኩን ከ0 እስከ 3 እየሰጠ ይጽፋል፤ ድምሩ ከ42 ይታሰባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ሐኪሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ያንን ደብተር ነው።