የባላንጣችን ቤት ሲቃጠል

በአንድ ምሽት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብላ በምትገኝ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ በቴሌቪዥን የሱዳን ጦርነት ዜና ይተላለፍ ነበር። በመልክ የማውቀው አንድ የሰፈራችን ሰው ዜናውን ሰምቶ «ይበላቸው! እኛ እርስ በርስ ስንዋጋ ጠብቀው አይደል እንዴ አልፋሽጋን የያዙት?» አለ። የተቃወመው አልነበረም። እኔም ዝም አልሁ። ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ይዤ ወደ ቤቴ ሳዘግም ግን ዝምታዬ ከነከነኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ምሽት ያልሰጠሁትን መልስ ለመስጠት ነው፤ መልሴንም ከኳስ ሜዳ እጀምራለሁ።

እሑድ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በዚያችው ሻይ ቤት መቀመጫ ቀርቶ መቆሚያ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ካረፉ ሁለት ወር አልሞላም፤ ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያና ሱዳን ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ የመልስ ጨዋታቸውን ያደርጋሉ። በጳጉሜን ወር ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ተመልሰናል። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ በባላንጣው ሜዳ ብዙ ያገባ ያልፋል በሚለው ደንብም ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። በዚያ ምሽት ከፈረንሳይ እስከ ሾላ ሰው የማያውቀውን ሰው እያቀፈ ዘፈነ።

ከዚያ ቀን ደስታ ውስጥ የዘነጋነው አንድ ነገር አለ። ያሳለፉን አዲስ አበባ ላይ ያገባናቸው ሁለት ግቦች ብቻ አልነበሩም፤ ተሸንፈን በወጣንበት የካርቱም ሜዳ ያስቆጠርናቸው ሦስት ግቦችም ናቸው። ባላንጣችን ሜዳ ባይኖረው፣ በሩንም ባይከፍትልን ኖሮ ያ እሑድ ከወዴት ይመጣ ነበር?

ነገሩ ከጥንትም እንዲሁ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. የተመሠረተው በካርቱም ነው፤ ከመሥራቾቹም መካከል ኢትዮጵያና ሱዳን፣ ከእኛም ወገን ይድነቃቸው ተሰማ ይገኙበታል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም የተካሄደው በዚያችው ከተማ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስትሰረዝ እኛ ለፍጻሜ ደረስን፤ በግብጽም 4 ለ 0 ተሸነፍን። ስለዚህ የእግር ኳሳችን አህጉራዊ ታሪክ ሲጻፍ የመጀመሪያው ገጽ ካርቱም ላይ ይከፈታል።

ከኳስ ውጪ ያለው ታሪካችንም ከዚህ አይለይም። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በደርቡሾች ጦርነት ወደቁ። ከ52 ዓመት በኋላ ግን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ወደ አገራቸው የገቡት በሱዳን በኩል ነው። በ1977ቱ ረሃብ ወገኖቻችን በመቶ ሺዎች እየሆኑ ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣም በተከታዮቹ ወራት ከ60 ሺህ በላይ ሰው የተጠለለው እዚያው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አባቶቻችን ጎረቤት አይጣላም ለማለት አይመስለኝም፤ በጨነቀ ጊዜ የሚደረስበት በር የእርሱ ነው ለማለት እንጂ።

እኛስ ተራው ሲደርሰን ምን አደረግን? ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም መንደድ ስትጀምር ሱዳናውያን በዚያው በመተማ በኩል ገቡ። በ2016 ዓ.ም. በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩት ዘረፋና ጥቃት አስመርሯቸው ከመጠለያው ወጥተው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ይህ የእኛ መስተንግዶ ነው፤ ሊያሳፍረን ይገባል።

አልፋሽጋ ይረሳ አልልም። የሱዳን ጦር በ2013 ዓ.ም. የእኛን ጭንቅ ጠብቆ መግባቱ የሚያስቆጣ ነው፤ ከማሳቸው የተፈናቀሉት ገበሬዎች ጥያቄም እውነተኛ ነው። ዳሩ ግን የወሰን ነገር ዞሮ ዞሮ የሚያልቀው በወረቀት ነው። ዛሬ የምንከራከርበትን የ1894 ዓ.ም. ውል ዳግማዊ ምኒልክ የተፈራረሙት ከእንግሊዝ ጋር ነበር፤ ማዶ ሆኖ ቃል የሚገባ፣ ቃሉንም ባያከብር የሚጠየቅ መንግሥት ስለ ነበረ። ማዶው ፈርሶ የታጣቂዎች መናኸሪያ ከሆነ ከማን ጋር እንዋዋላለን? የፈረሰ ጎረቤት መሬት አይመልስም፤ ጠመንጃና ስደተኛ ይልካል እንጂ።

በዚህ ላይ ለመሳለቅ የሚያበቃ ምን አለን? በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «አስተናጋጅ» የነበርነው በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፤ በአገራችን ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን። ሱዳኖችም አገራቸው እየነደደ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጋናን በሊቢያ፣ ቤንጋዚ አስተናግደው 2 ለ 0 አሸነፉ፤ በተከታዩም ወር ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። እኛ በዚያው ማጣሪያ ቀረን። እነርሱ ሜዳ ያጡት በጦርነት ነው። የእኛ ምክንያት ምንድን ነው?

እንግዲህ ለዚያ ሰው መልሴ ይኸው። በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. ከካርቱም አንገታችንን ደፍተን ስንወጣ ተስፋችን አንድ ነበር፤ የመልስ ጨዋታ አለ። ሱዳን ነገም በመተማ ማዶ ትኖራለች፤ እኛም በዚህ እንኖራለን። በክፉ ቀኗ ምን እንዳልናትና እንግዶቿን እንዴት እንደተቀበልን ይዛ ለመልሱ ትመጣለች። ያን ምሽት ዝም ማለት አልነበረብኝም።