ዱቤ የሰጠነው ለማን ነው?

እኛ አብነት አካባቢ የምንኖር ሰዎች ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር ጎረቤቶች ነን። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ እዚሁ አዲስ ከተማ ያለ፣ ለረጅም ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የቆየ ነው። ከክፍለ አገር በሽተኛ ይዞ የመጣ ቤተሰብ መንገድ ሲጠይቀን ደህና አድርገን እናሳያለን። የራሳችን ሰው ሲታመምስ?

ባለፈው ክረምት ያየሁትን ልንገራችሁ። መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ የሚሸጥ ወጣት ነው። ድሮም ትጉህ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ትጋቱ ልክ አጣ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አቅራቢዎቹ ጋ ይደውላል። ጎህ ሳይቀድ ሱቁን ይከፍታል። ወሬው አያልቅም፣ ለተሸካሚው ከተስማሙበት ሦስት እጥፍ ይከፍላል። «ዘንድሮ ተነሣ!» አልነው። አቅራቢዎችም በዱቤ ላይ ዱቤ ጨመሩለት። ዕቃው ከሱቁ ተርፎ በረንዳ ላይ ተከመረ፤ ዝናብ የገባበት ብርድ ልብስ ሽታ እስከ ማዶ ይሰማ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሱቁ ተዘግቶ ዋለ፤ በማግሥቱም፣ በሳምንቱም። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፣ እህል አይቀምስም። ያን ጊዜ አበዳሪዎቹ በሩ ላይ ተሰለፉ። አንዱ አጭበርባሪ አለው፣ ሌላው ሰነፍ፣ ሌላው «ጫት ነው ያበላሸው» አለ።

ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ባይፖላር ነው ተባለ፤ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሣበት፣ አንዴ በድብርት የሚወድቅበት ሕመም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ መርካቶ ውስጥ የዚህ ሕመም መነሻ ጉብዝና ይመስላል። እንቅልፍ የማያውቅ፣ ደፋር፣ እጁ የማይሰስት ነጋዴ ሲገኝ ማን ነው «ወንድሜ፣ አሞሃል» የሚለው? ዕቃ የሚያራግፍበት ሰው እንዴት ብሎ? ገበያው በሕመሙ አትርፎ ሲያበቃ በድብርቱ ጊዜ ይከሰዋል። ይህ ፍርድ ነው?

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የብዙ መርካቶ ነጋዴ ዘመድ በሚገኝባት ቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዳረሰ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ200 ሰው አንዱ ገደማ ይህ ሕመም እንዳጋጠመው ታየ፤ የሚጀምረውም በአማካይ በ22 ዓመት አካባቢ ነው። ልክ ወጣቱ ሱቅ የሚከፍትበት ዕድሜ! ደግሞም ሕክምና አለው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ፣ እንቅልፉንም የሚጠብቅ ብዙ ሰው ሠርቶ ያድራል። ሊቲየም የሚባለው መድኃኒት በየጊዜው የደም ምርመራ ስለሚጠይቅ የቀጠሮ ቀን መቅረት ቀልድ አይደለም።

ለሥራ ሲል ቀጠሮውን የሚዘለው ግን ብዙ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ያለ ክፍያ። ሕመሙ የአእምሮ ስለሆነ የሚቀርበት ነገር የለም። ታዲያ ያለ ውል በቃል የተቀጠረው የሱቅ ልጅ ይህን ለማን ይጥቀሰው? «አማኑኤል ቀጠሮ አለኝ» ቢል ነገ ሥራው ይኖራል?

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ የተናገረውስ እዚህ ገበያ ምን ያገኛል? ዱቤው ይቀራል፣ ዕቁብ ሰብሳቢው ዓይኑን ያሸሻል፣ ለትዳር ሲጠየቅ ሰው ያንሾካሹካል። እንግዲያ መሸሸጉን የፈረድንበት እኛው ነን።

ዕቁብ ስንገባ ዋስ እንጠራለን፤ ማንም አይሰደብበትም። ታማሚውም ደህና በሆነበት ጊዜ፣ በራሱ ፈቃድ፣ የሚያምነውን ሰው ለአቅራቢዎቹ ቢያስተዋውቅና ትልቅ ዱቤ ያለዚያ ሰው እንዳይሰጥ ቢስማሙ ምን ይከፋል? ብሩም፣ ስሙም ይተርፋል።

አሠሪዎች፣ ሠራተኛችሁ ለሕክምና ቀጠሮው ሲጠይቃችሁ ልቀቁት። አቅራቢዎችም፣ ደንበኛችሁ በእኩለ ሌሊት ደውሎ የወትሮውን አሥር እጥፍ ዕቃ በዱቤ ካዘዘ ጭነቱን ለነገ አቆዩት፤ ጠዋት ወንድሙን ወይም ባለቤቱን «እንዴት ነው፣ እየተኛ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።